ምዕራፍ ስድስት፦ ከአያት ጭን የተወሰደ ልጅ

በሞቃቱ ወራት ሴቶቹ ወደ ረግረጉ ይወርዳሉ። ረግረጉ ላይ እንደ ስጋጃ የተነጠፈ፣ ሲረግጡት ውኃ የሚተፋ ለስላሳ እጽ አለ፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ስፋግነም ይሉታል። በእጅ ተነቅሎ ይጨመቃል፣ ቅርንጫፍ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ጭራሮው፣ ሥሩና ነፍሳቱ እየተለቀመ በጣት ይፈታታል። ተፈታቶ ሲያበቃ እንደ ባዘቶ ይቀላል። በካናዳ የሚኖሩት የአልጎንኩዊን ሕዝብ እናቶች ከመቀመጫው ሥር እየጎዘጎዙ ሕፃን ያሳደጉት በዚህ ነው። እጹ የራሱን ክብደት ከ15 እስከ 20 እጥፍ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ተፈጥሮው ጎምዛዛ ስለሆነ ደግሞ ባክቴሪያ እንደ ልብ አይራባበትም፣ የሕፃኑም ቆዳ ቶሎ አይቆጣም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲያጥር የአውሮፓ ሐኪሞች የወታደሮችን ቁስል የሸፈኑት በዚሁ እጽ ነበር። ረግረጉን የሚያውቁት ሴቶች ግን ጦርነት እስኪመጣ አልጠበቁም።

እጹ የሚገባው ከቆዳ ወይም ከጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ ነው። ሕፃኑ ከረጢቱ ውስጥ ይገባና ከፊት በኩል ልክ እንደ ጫማ ከታች ወደ ላይ በማሰሪያ ይጠለፋል። ከረጢቱ ደግሞ በቀላል ጠፍጣፋ እንጨት ላይ፣ ብዙ ጊዜ በነጭ ዝግባ ላይ፣ ይታሰራል። የዚህ እንጨት ስም ቲኪናጋን ነው። ሥራቸው ስለሚቀራረብ አንቀልባ ብለን ብንተረጉመው ብዙ አንሳሳትም፤ አንድ ልዩነት ግን አላቸው፣ ይህ ምዕራፍም በዚያ ልዩነት ዙሪያ የሚሄድ ነው። አንቀልባ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። ትንፋሿንና ሙቀቷን ያገኛል፣ ዓለምን ግን በትከሻዋ አሾልኮ ነው የሚያየው። ቲኪናጋን ላይ የታሰረ ልጅ ፊቱ ወደ ውጭ ነው። እናቱ ስትሄድ የእንጨቱ ጠፍር ግንባሯ ወይም ትከሻዋ ላይ ያርፋል፣ ልጁም ያለፉትን መንገድ እያየ ይጓዛል። ስትሠራ ደግሞ እንጨቱን ከዛፍ ወይም ከድንኳን ምሰሶ ጋር አስደግፋ ታቆመዋለች። ያኔ የ5 ወር ሕፃን መሬት ላይ ከተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ፊት ጋር እኩል ይሆናል። ዓሣ ሲበለት፣ መረብ ሲጠገን፣ አያት ስታወራ፣ ጎረቤት ሲስቅ፣ ሁሉንም ከፊት ለፊት ያያል፤ አፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ ድምፁን ይሰማል።

ከራሱ በላይ እንደ ቀስት የታጠፈ እንጨት አለ። ቲኪናጋኑ ቢወድቅ መሬቱን የሚመታው ቀስቱ ስለሆነ የልጁ ፊት ይተርፋል። ብርድ ሲሆን በላዩ ብርድ ልብስ ይጣልበታል፣ ትንኝ ሲበዛ ስስ ጨርቅ ይዘረጋበታል፣ ልጁ ሲነቃ የሚያያቸው ትንንሽ ነገሮችም ይንጠለጠሉበታል። በብዙ ቤተሰቦች ከእነዚህ መካከል የራሱ የልጁ እትብት የተሰፋበት ትንሽ ከረጢት ይገኛል። (ቲኪናጋን እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እግራቸው ቀጥ ብሎ በጥብቅ የሚታሰሩ ሕፃናት የዳሌ መገጣጠሚያቸው ሊወልቅ እንደሚችል በሌላ ሕዝብ፣ በናቫሆ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ዛሬ የሚጠቀሙበት ወላጆች ከወገብ በታች ያለውን አላልተው ጉልበቱ እንዲታጠፍ ይተዉለታል።)

ይህን ሁሉ ስለ አንድ እንጨት የምናገረው፣ የዚህ ሕዝብ የሕፃን አያያዝና ቋንቋ በአንድ ላይ የተጠለፉ በመሆናቸው ነው። ቋንቋው ለልጁ ለብቻው አልተሰጠውም። ሲታሰር፣ ሲፈታ፣ ሲታጠብ፣ ሲጎርስና ሲተኛ ከእንክብካቤው ጋር አብሮ ገባለት። አንዱ ሲበጠስ ሌላውም የተበጠሰው፣ ዛሬም ጥገናው ከ6 ዓመት በታች ባሉ ልጆች መጀመሩ የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ማን እንደምናወራ ግልጽ ይሁን። አልጎንኩዊኖች የኦታዋ ወንዝ ተፋሰስ ሰዎች ናቸው። ወንዙን ኪቺ ሲቢ፣ ትልቁ ወንዝ ይሉታል፤ ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ። ዛሬ በካናዳ መንግሥት የታወቁ 10 ማኅበረሰቦች አሏቸው፤ 9ኙ በኬቤክ፣ 1ዱ ፒክዋካናጋን በኦንታሪዮ ይገኛል። ስማቸው አልጎንኩያን ከሚባለው ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ስም ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጸሐፊ ያምታታዋል፤ ክሪ፣ ኦጂብዌ፣ ኢኑ የሚባሉት የዚያው ቤተሰብ አባላት ናቸው፣ አልጎንኩዊን ግን አንድ ሕዝብ ነው። የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ፣ ፓርላማው የቆመበት ኮረብታ ሳይቀር፣ ይህ ሕዝብ በስምምነት አሳልፎ ባልሰጠው መሬት ላይ ያረፈ ነው። በዚያች ከተማ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም በዚሁ መሬት ላይ ነው፤ በአማርኛ ተጠርቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ያላቸው እናትና አባት ከዚህ በታች የማወራውን ያለ አስተርጓሚ የሚረዱት ይመስለኛል።

አውሮፓውያን ሲመጡ በመጀመሪያ ካስገረማቸው ነገር አንዱ የልጅ አስተዳደግ ነበር። በ1632 ፖል ለ ዠን የሚባል ፈረንሳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ኬቤክ ደረሰ። ዓመቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያኑን እምነት ትተው ሕዝቡ ወደ ጥንቱ እንዲመለስ ያወጁበት ዓመት ነው። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ከአንድ ማኅበር የወጡ ሚስዮናውያን በአንዱ አገር በር ሲዘጋባቸው በሌላው እየገቡ ነበር። ለ ዠን ከአልጎንኩዊኖች ጎረቤቶች ከኢኑዎች ጋር አንድ ክረምት በጫካ አሳልፎ በጻፈው ዘገባ ደጋግሞ ያማረረበት ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ልጅ አይመቱም፣ ሌላ ሰው ሲመታባቸውም ማየት አይችሉም። መፍትሔ ብሎ ያሰበውም ልጆቹን ወላጅ ጣልቃ ከማይገባበት ሩቅ ቦታ ወስዶ ማስተማርን ነበር። ይህ ሐሳብ ከ300 ዓመት በላይ ኖረ።

ካህኑ ሥርዓት አልባነት አድርጎ ያየው ነገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሞሃክ ከሚባል ሌላ ነባር ሕዝብ የሆነው የሥነ አእምሮ ሐኪም ክሌር ብራንት በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አስተሳሰብ በሰው ነገር ያለመግባት ሥነ ምግባር ብሎ ገልጾታል። ትልቅ ሰው ልጅን አያስገድድም፣ አያንኳስስም፣ ፊት ለፊት አያዝም ማለት ይቻላል፤ ይሠራል፣ ልጁ ያያል። ልጁ መሞከር ሲፈልግ ቦታ ይለቅለታል። ሲያጠፋ ደግሞ አያት ስለ አንድ ሆዳም ፍጥረት ተረት ትጀምራለች፤ ልጁ ነገሩ ስለ እሱ መሆኑ ይገባዋል፣ ስሙ ግን አልተጠራም። በዱላ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ የሚቃጣን ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ልጁ መረን አይለቅም ወይ? መልሱ ያለው በዙሪያው ነው። በቲኪናጋን ቁመት ሰው እያየ ያደገ ልጅ በአንድ ጊዜ በ10 ዓይን ይጠበቃል። እናቱ ብትደክም ኮኮም አለች፣ ኮኮም ማለት አያት ናት፤ ወንዱ አያት ሚሾሚስ ይባላል። ጥበቃው የተከፋፈለ ስለሆነ ቁጣ የሚያስፈልግበት ጊዜ ያንሳል።

ይህ ሁሉ የተነካው በአንድ ሌሊት አልነበረም። ካናዳ በ1920 ሕጓን አሻሽላ የነባር ሕዝቦች ልጆች ወደ ተመደበላቸው ትምህርት ቤት የመግባት ግዴታ እንዲኖርባቸው አደረገች። በመላ አገሪቱ ከ150,000 የሚበልጡ ልጆች በመንግሥት ገንዘብ፣ በአብያተ ክርስቲያናት አስተዳደር በሚሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። ወደ ብዙዎቹ የአልጎንኩዊን ማኅበረሰቦች ነገሩ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በኬቤክ አሞስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የሴን ማርክ ደ ፊጌሪ አዳሪ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1955 ሲሆን የተዘጋው በ1973 ነው። 18 ዓመት። አጭር ይመስላል።

እስኪ 18ቱን ዓመት በቤተሰብ ዕድሜ እንቁጠረው። በ1955 የ6 ዓመት ልጅ ሆና የሄደች ሴት በ1949 የተወለደች ናት። እስከ 6 ዓመቷ የሰማችው አኒሺናቤሞዊን፣ የሕዝቧን ቋንቋ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በቋንቋዋ መናገር ያስቀጣል፤ በዓመት 10 ወር ከቤቷ ትርቃለች። ጎልማሳ ሆና ስትወልድ ሁለት ነገር አጥታለች። አንደኛው ቃሉ ነው። ሁለተኛውን ለመናገር የበለጠ ይከብዳል፤ ልጅ በእቅፍ ሲያድግ አላየችም። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ያየችው የልጅ አያያዝ ፊሽካ፣ ሰልፍ፣ ቁጥርና ቅጣት ነው። ከተመለሱት ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ቋንቋውን ያላስተላለፉት ረስተውት ብቻ አይደለም፤ እነሱን ያስመታ ነገር ልጃቸውን እንዳያስመታው ፈርተው ነው። ይህን ከፍቅር ሌላ ምን ልንለው እንችላለን? በዚያ ፍቅር ግን ሰንሰለቱ ተቆረጠ።

ከላይ የመጣው ጭቆና አንድ ይሁን እንጂ ጠባሳው ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በሰሜን ያሉት እንደ ፒኮጋን፣ ላክ ሲሞንና ኪትቺሳኪክ ያሉ ማኅበረሰቦች ሁለተኛ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ሆነ። እንደ ኪቲጋን ዚቢና ቲሚስካሚንግ ያሉት ደግሞ እንግሊዝኛ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ሕዝብ ወጣቶች ሲገናኙ የአያታቸውን ቋንቋ ካላወቁ በቀር የጋራ መግባቢያ ሊያጡ ይችላሉ። ራቅ ብላ በጫካ ውስጥ ያለችው ባሪየር ሌክ ቋንቋዋን ከሌሎቹ የበለጠ ጠብቃለች፤ እዚያ በአኒሺናቤሞዊን አፍ የሚፈቱ ልጆች አሉ። በሌሎቹ ግን ቋንቋው በአብዛኛው ያለው በአያቶችና በቅድመ አያቶች አፍ ነው። መካከሉ፣ ማለትም የሚወልደው፣ የሚሠራውና ልጅ የሚያለብሰው ትውልድ፣ አብዛኛው ክፍት ነው። ሁለት ዳርቻ አለ፣ ድልድዩ የለም።

የሕፃናት ማቆያ የሚባለው ተራ ተቋም በዚህ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። የ70 ዓመት አፍና የ3 ዓመት ጆሮ በቀን ለ8 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን በመጀመሪያ በስፋት የሠሩት የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ናቸው። በ1982 ኮሃንጋ ሬዎ፣ የቋንቋ ጎጆ፣ ብለው አያቶችን ከሕፃናት ጋር በአንድ ቤት አስቀመጡ። ሃዋያውያን በ1984 ተከተሏቸው። ካናዳ ውስጥ በ1995 በከተሞችና በሰሜን፣ በ1998 ደግሞ በነባር ሕዝቦች ሰፈሮች የተጀመረው የቅድመ ትምህርት መርኃ ግብር ከስድስት ዓምዶቹ አንዱን ባህልና ቋንቋ አደረገ። በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ላይ የተቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 12ኛው መንግሥታት ሁሉ ከባህላቸው ጋር የሚስማማ የሕፃናት ትምህርት ለነባር ሕዝቦች እንዲያዘጋጁ የሚጠይቅ ነው። በ2018 ለዚሁ አገራዊ ማዕቀፍ ወጣ፤ በ2019 የነባር ቋንቋዎች ሕግ ጸደቀ። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። የሚከብደው ከወረቀቱ ወዲህ ያለው ነው።

«ባህል ላይ የተመሠረተ» የሚባለው ማቆያ ሁሉ በእርግጥ የተመሠረተ አይደለም። ግድግዳ ላይ ላባ መለጠፍ፣ አርብ ከሰዓት ከበሮ መምታት፣ በእንግሊዝኛ ውሎ ከመለያየት በፊት ቀለማትን በአኒሺናቤሞዊን መቁጠር ይቻላል። ክፋት የለውም፣ ግን ጌጥ ነው። ቋንቋ በቀለም ስም አይያዝም። ልጅ ቀኑን ሙሉ ቀይ፣ ሰማያዊ እያለ አይኖርም፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ይሸናል፣ ያለቅሳል፣ ይለብሳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ቋንቋው መግባት ያለበት እዚያ ነው።

በጥር ወር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ 12 ሕፃናትን ወደ ውጭ ለማውጣት ማልበስ ምን እንደሚመስል አስቡት። ወፍራም ሱሪ፣ ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ቆብ፣ ሻርፕ፣ ጓንት። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንዱ ለብሶ ሲጨርስ ሽንቱ ይመጣል። ብዙ አስተማሪዎች ይህን ግማሽ ሰዓት ከትምህርቱ በፊት የሚያልፍ ጣጣ አድርገው ያዩታል። ቋንቋውን ለምታውቅ አያት ግን ከዚህ የተሻለ ክፍለ ጊዜ የለም። ኦንዳስ ትላለች፣ ና ማለቷ ነው። እግርህን አስገባ፣ ግፋ፣ ሌላኛው፣ ሳበው፣ ቁም፣ ዙር። እጁን ይዛ፣ ዓይኑን እያየች፣ የምትለውን እያደረገችው ነው። ነገ ይደገማል። ከነገ ወዲያም። በአንድ ክረምት አንድ ልጅ እነዚህን ግሶች ከ100 ጊዜ በላይ በሰውነቱ ይሰማቸዋል። ምሳ ሲደርስ ዊሲኒን፣ ብላ፤ ከምሳ በኋላ ኒባን፣ ተኛ። ትርጉም የሚናገር የለም፣ አያስፈልግምም።

ግስ ላይ የማተኩረው አኒሺናቤሞዊን በግስ የተሠራ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከማስረዳት ይቀላል። እኛ «አላጠብኳችሁም» ስንል አድራጊው፣ ተደራጊዎቹ፣ ጊዜውና አሉታው በአንዲት ቃል ታዝለው ይመጣሉ። የእነሱም ግስ እንዲሁ ያዝላል፤ እንዲያውም ከእኛው ይበልጥ ይሸከማል፣ ድርጊቱ በእጅ ይሁን በእሳት፣ ነገሩ ውኃ ይሁን እንጨት የሚለውን ሁሉ እዚያው ይከተዋል።

እኛ ስሞችን በተባዕትና በአንስት እንከፍላለን። እነሱ ሕይወት ባለውና በሌለው ይከፍላሉ፤ አከፋፈሉም ልጅን ስለ ዓለም አንድ ነገር ሳይነግረው ያስተምረዋል። ምቲግ የሚለውን ቃል እንውሰድ። የቆመ ዛፍ ምቲግ ነው፣ የተቆረጠ እንጨትም ምቲግ ነው። ሲበዙ ግን ይለያያሉ፤ ዛፎች ምቲጎግ ሲባሉ እንጨቶች ምቲጎን ይባላሉ። የመጀመሪያው ሕይወት ያለው አበዛዝ ነው፣ ሁለተኛው የሌለው። ከጫካው ዳር ጭራሮ የሚለቅም የ4 ዓመት ልጅ ክንዱ ላይ የያዘውንና ከፊቱ የቆመውን በአንድ መጨረሻ ፊደል ለይቶ ይጠራል። ድንጋይ፣ አሲን፣ ሕይወት ካላቸው ጎራ ነው። በረዶም እንዲሁ። ሕፃናቱ ዕለት ዕለት ከሚለብሱት መካከል የእጅ ጓንት ሕይወት ካላቸው ይመደባል፣ ጫማ ግን አይመደብም። ለምን ጓንት? ሰዋስው ሁልጊዜ ምክንያት አይሰጥም። ልጁም አይጠይቅም፤ ጓንቱ ሲጠፋበት ሕይወት ላለው በሚሆነው ግስ ይፈልገዋል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን «እኛ» ነው። አማርኛ አንድ እኛ ብቻ አለው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «እኛ ልንበላ ነው» ብንለው ይግባ ወይስ ይሂድ ከፊታችን ላይ ማንበብ አለበት። አኒሺናቤሞዊን ሁለት አለው። ኪናዊንድ ሲሉ አንተም ያለህበት እኛ ነው፤ ኒናዊንድ ሲሉ አንተን የማይጨምር እኛ። ሕፃናት እንደሚያደርጉት ሁለት ልጆች ሦስተኛውን ከጨዋታ ሲያስወጡት በዚህ ቋንቋ በቃል ያስወጡታል። ሲያስገቡትም በቃል ያስገቡታል። አንዲት አያት በክፍሉ ውስጥ ኪናዊንድ ባለች ቁጥር ማን ከክቡ ውስጥ እንዳለ እየተናገረች ነው። ይህን የሚያህል ነገር በተለጠፈ ላባ አይመጣም።

ቀኑ ደግሞ ውጭ መዋል አለበት። በመጋቢት ሌሊቱ ሲበርድና ቀኑ ዜሮን ሲያልፍ የሜፕል ዛፍ ውኃውን ያንቀሳቅሳል። ግንዱ ይበሳል፣ ቱቦ ይገባል፣ ከሥሩ ባልዲ ይንጠለጠላል። የ3 ዓመት ልጅ ጣቱን ከጠብታው ሥር ይዘረጋል፤ ጣዕሙ ገና ውኃ ነው፣ ከኋላ ትንሽ ይጣፍጣል። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል መፍላት አለበት፤ ስለዚህ እሳቱ ዙሪያ ረጅም ቀን ይዋላል፣ ሽማግሌዎች ያወራሉ፣ ጭስ ዓይን ውስጥ ይገባል። በበጋ ብሉቤሪ ይለቀማል። በመከር ሙስ የሚባለው ግዙፍ የዱር እንስሳ ይታደናል፣ ልጆቹ ሲገፈፍ ያያሉ።

እንቅፋቱ የሚመጣው እዚህ ነው። በአብዛኛው ካናዳ ፈቃድ ያለው ማቆያ ቢያንስ ከፊሎቹ ሠራተኞች የኮሌጅ ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ሕግ ይጠይቃል። ሕጉ ለልጆች ደኅንነት የወጣ በመሆኑ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሰፈሩ ውስጥ ቋንቋውን ከማንም በላይ የምታውቀው የ72 ዓመት አያት፣ 9 ልጅ ያሳደገች፣ ወረቀት የላትም። ስለዚህ በአስተማሪነት ልትቆጠር አትችልም፤ እንግዳ ትባላለች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ትመጣለች፣ የትራንስፖርት ይሰጣታል። ዲፕሎማ ያላት ወጣት ደግሞ ቋንቋውን አታውቀውም። የአደን ሥጋም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ቦታ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ያልታየ ሥጋ ለሕዝብ ማቅረብ ገደብ አለበት፣ ስለዚህ አባቱ ትናንት ያደነውን ሙስ ልጁ ማቆያው ውስጥ ላይበላ ይችላል፣ በፋብሪካ የታሸገ ዶሮ ግን ይበላል። እሳት፣ ቢላ፣ ሐይቅ ዳር፣ እያንዳንዱ ቅጽ ይፈልጋል። ደንብ ማንም ላይ አይጮህም፤ ግን ቀስ በቀስ ልጁን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አያቷን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ከዚህ የሚያወጣው አያቶችን ከወጣት አስተማሪዎች ጋር በጥንድ መድቦ ለሁለቱም ሙሉ ደመወዝ መክፈልና የአያቶቹን ዕውቀት የሚመዝን የራስ መለኪያ ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ። በጥንድ ሲሠሩ ወጣቷም ከሕፃናቱ ጋር አብራ አፍ ትፈታለች፤ ክፍት የነበረው መካከለኛ ትውልድ ትንሽ ይሞላል።

ርቀትም አለ። የኪትቺሳኪክ ልጆች በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ስላልነበረ እስከ 2000ዎቹ ድረስ የሳምንቱን ቀናት በቫል ዶር ከተማ በሰው ቤት እያደሩ ይማሩ ነበር። ማንም በግድ አልወሰዳቸውም፤ ሆኖም ትንሽ ልጅ ሰኞ ሄዶ አርብ ይመለስ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤቱን የሚያስታውሱት አያቶች ልጆቹን የሚወስደውን መኪና በምን ዓይን እንዳዩት መገመት አይከብድም። ወላጆቹ ታግለው ትምህርት ቤት በሰፈራቸው እንዲከፈት አድርገዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ይኖራል፤ ልጁ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ቢያድግ ምን ይጎድልበታል? ከአልጎንኩዊኖች አገር ርቆ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሃሌት፣ ቻንድለርና ላሎንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። አብዛኛው ሰው የአያቶቹን ቋንቋ መነጋገር በሚችልባቸው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች የወጣቶች ራስን የማጥፋት አደጋ እጅግ ዝቅተኛ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሆኖ አገኙት። ቋንቋ ብቻውን መድኃኒት ነው አላሉም፣ እኔም አልልም፤ ቋንቋውን ያቆየ ማኅበረሰብ ሌላም ብዙ ነገር አቆይቷል። ግን ወጣቶቻቸውን በተከታታይ የቀበሩ ሰፈሮች ባሉበት አገር ይህን ውጤት ያነበበ ሰው የ3 ዓመት ልጅ ጓንት ስለማልበስ የሚደረገውን ክርክር ቀላል አድርጎ አያየውም።

ነገሩን በራሳቸው እጅ የያዙም አሉ፤ ኪቲጋን ዚቢ የራሷን ትምህርት ቤት ራሷ ማስተዳደር የጀመረችው በ1980 ነው። ከዚያች መንደር የወጡት፣ በ1913 ተወልደው በ2011 ያረፉት ዊልያም ኮማንዳ የበርች ቅርፊት ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ የአለቅነት ዘመናቸው ከ1951 እስከ 1970 ነው፣ የሕዝቡ ጥንታዊ የዋምፑም (የዛጎል ዶቃ) ቀበቶዎችም ጠባቂ ነበሩ። ጀልባ ሲሠራ ቅርፊቱ በትክክለኛው ወቅት መላጥ አለበት፤ ጊዜው ካለፈ ግንዱ አይለቀውም። ሕፃን ማሳደግም በዚህ ሕዝብ ዘንድ ወቅት አለው። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የመሬቱን ሁኔታ ይከተላል።

ተረትም ወቅት አለው። ዊስኬጃክ የሚባለው አታላይ፣ ሆዳም፣ አንዳንዴም ቸር የሆነው ባለ ታሪክ የሚወራው በረዶ መሬት ላይ ሲኖር ነው። ረጅሙ ሌሊት የእሱ ነው። ሐይቁ ሲቀልጥና እንቁራሪቶች ሲጮኹ ተረቱ ይዘጋል። በሰኔ፣ ትንኙ በሚበዛበት ከሰዓት፣ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ኮኮም ጉልበት ላይ ወጥቶ ዊስኬጃክ ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ሊጠይቅ ይችላል። አትነግረውም። ወደ ሐይቁ ታሳየዋለች፣ ስለ ውኃው ታወራለታለች፣ ኒቢ ትለዋለች። ከዚያ በጋው፣ የብሉቤሪው ወቅት፣ የሙሱ አደን ይመጣል። ልጁ የሚጠብቀው አለው። በኅዳር አንድ ማለዳ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ሲያይ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወደ እሷ ይሮጣል።